ከውስጥ የጠየቀው

ባሏ ባሲሊዮ ከሞተ ወዲህ፣ ላዋግ ከተማ ያለውን የመሥሪያ ቤቱን አሮጌ ሰርቨር የምትጠብቀው ፎርቱናታ ብቻዋን ናት። የባሏን ስም በቀብሩ ማግስት በገዛ እጇ ከማሽኑ ተጠቃሚዎች ዝርዝር ሰርዛዋለች። ማሽኑ ውስጥ ሙቀቱንና ጤናውን፣ ማን እንደሚጠቀምበትም ሲከታተል የሚውል ፕሮግራም አለ፤ ኩራቱ ለጉድ ነው፣ እዚያው ማሽን ላይ ተቀምጦ ከውስጥ ለሚጠይቀው እንጂ ለውጭ ሰው አይመልስም። ፎርቱናታ ጠዋት ጠዋት ደህንነቱን ትጠይቀዋለች። ሌላ ማንን ትጠይቅ?

ዛሬ ባሲሊዮ የሞተበት ሦስተኛ ዓመት ነውና፣ እንደ አገሩ ልማድ የሟቹን ድርሻ፣ አንድ ሳህን የሩዝ ቂጣ፣ ማሽኑ አናት ላይ አኖረችለት። ስልኩ ጮኸ። ዴልፊን ነው፣ ከዋናው ቢሮ።

«እትዬ ናታ፣ ማሽኑ ዛሬ ቀትር ላይ ይዘጋ ተብሏል።»

«ለመቅበር ሲሆን እንዴት ትፈጥናላችሁ! ለሥራ እንዲህ ብትሮጡ የት በደረሳችሁ።»

«ምን ላድርግ፣ እትዬ? ከእርስዎ ሌላ የሚጠቀምበት ካለ ብቻ ነው የሚተርፈው። እስቲ ፕሮግራሙን ይጠይቁት።»

ማን ማን እንደሚጠቀምበት ጠየቀችው። ፕሮግራሙ እንደ ወትሮው ቶሎ መለሰ፦

ፎርቱናታ፣ ከውስጥ።
ባሲሊዮ፣ ከውስጥ።

«እትዬ? ስንት ሰው አለ?»

ፎርቱናታ ወንበሯን ትንሽ ጠጋ አደረገች፣ ለሌላ ሰው ቦታ እንደምትለቅ።

«ሁለት ነን» አለችው።