የኦቦ ቶሌሳ ሰንጢ ዋጋ

ይህን ወሬ ያመጣችው ጎሮ ታክሲ መያዣው አጠገብ ሕፃን አዝላ ቲማቲምና ቃሪያ የምትቸረችረው ደሪቱ ናት። ደሪቱ አትዋሽም። የጠየቋትን ትመልሳለች፣ ያልጠየቋትን አትናገርም። ይህን ጠባይዋን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።

ሰናይ ግን ለሰፈሩ አዲስ ነበር። ሲኤምሲ አንድ የግል ትምህርት ቤት ግዥ ክፍል ይሠራል። ከጠመኔ እስከ ወንበር ዋጋ የሚያስቀንሰው እሱ ነው፤ "እኔን የሚያታልል ነጋዴ ገና አልተወለደም" ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው። ጎሮ ቤት በተከራየ ሰሞን ፌናንን አየ። ከዚያ ወዲያ ምግብም እንቅልፍም እምቢ አሉት።

ፌናን የኦቦ ቶሌሳ ልጅ ናት። ሲኤምሲ ዳቦ ቤት ሊጥ ታቦካለች። ጠዋት ጠዋት ደሪቱ ጋ ቆም ብላ ታወራና ሰናይ በሚሳፈርበት ታክሲ ትሳፈራለች። ሰናይ ጣቷን አየ፤ ቀለበት የለም።

አንድ ጠዋት ከኋላዋ ተቀምጦ በስልክ ስታወራ ሰማት።

"እሱንማ አያት ጋ ተውኩት" አለች። "አለቀሰ፣ ምን ላድርግ? ይለምደዋል።"

የሰናይ ልብ ዘለለ። አያት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚያለቅሰው ሰውዬ በዓይኑ ዞረበት። መጀመሪያ አዘነለት። ጎሮን ሳያልፉ ግን "ለሴት የሚነፋረቅ ወንድ" ብሎ ናቀው።

ማታ ከሥራ ሲመለስ የማይፈልገውን ቲማቲም ለመግዛት ደሪቱ ፊት ቁጢጥ አለ።

"እትዬ ደሪቱ፣ ኦቦ ቶሌሳን ሰው በምን ይቀርባቸዋል?"

"በሰንጢ።"

"በምን?"

"ደጃቸው ላይ ሰንጢ ይሸጡ የለ? 'ይኼ ስንት ያወጣል?' ብለው ይጠይቁሃል። በልኩ የገመተውን ይወዱታል። ያቃለለባቸው ደግሞ ሁለተኛ በዚያ ባያልፍ ይሻለዋል። ስንቱ ጎረምሳ አፍሮ የተመለሰ መሰለህ።" ሕፃኑን በጀርባዋ እሹሩሩ አለችው። "ቃሪያም ልጨምርልህ?"

ሰናይ ቃሪያውንም ገዛ። ፈተናው ገብቶታል። ደግሞ ዋጋ መገመት ለእሱ ምን ሊከብድ ነው?

ቅዳሜ ሄደ። ኦቦ ቶሌሳ ድሮ ያረሱት መሬት ላይ ዛሬ ፎቅ ቆሟል፤ እሳቸው ከበራቸው ሥር ወንበር አውጥተው፣ ጆንያ ላይ ሰንጢ ደርድረው ይውላሉ። አንዱን አንስተው ሰጡት።

"ስንት ያወጣል?"

ሰናይ ከፈተው፣ ዘጋው፣ ሞላውን በጆሮው አዳመጠ። በብርሃን ገልበጥ አድርጎ አየው። ሥራው ላይ እንደለመደው ፊቱን ኮሶ አስመሰለ።

"አያብረቀርቅም፣ ጠቆር ብሏል። የቻይናውን መርካቶ በሦስት መቶ አገኘዋለሁ።"

ኦቦ ቶሌሳ ሰንጢውን ከእጁ ወስደው በጨርቅ ጠረጉት።

"እንግዲያው መርካቶ ሂዳ" አሉ።

ሰናይ ኩምሽሽ ብሎ ደሪቱ ጋ መጣ።

"ስንት አልክ?"

"ሦስት መቶ።"

"ወይ አንተ ልጅ። የመኪና ባሌስትራ እኮ ነው፣ ልጄ ሌንጮ እሳት አግብቶ የቀጠቀጠው። እጀታው የበሬ ቀንድ ነው። የቻይናው ሽንኩርት ሲያይ ይታጠፋል።" ጎመን የምትቆርጥበትን ሰንጢ አቀበለችው። "ይኸው፣ ሞክረውና መልስልኝ።"

የግዥ ሰው ነውና ዝም ብሎ አላመነም። የቻይናውንም ገዛ። ቤቱ ገብቶ በሁለቱም ገመድ ቆረጠ፣ እንጨት ላገ። የቻይናው ወገቡ ላላ፤ የደሪቱ ሰንጢ ከዚያ ሁሉ በኋላ የክንዱን ፀጉር ላጨ። ብረቱን፣ ቀንዱን፣ የሠራተኛውን ላብ ደመረና በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመለሰ።

"አንድ ሺህ አምስት መቶ" አለ።

"በዛ" አሉ ኦቦ ቶሌሳ። "አንድ ሺህ ሁለት መቶ ነው። እኔ ሰው አልጎዳም።"

ሰናይ ክው አለ። ሳይከራከሩት የሚቀንስ ሻጭ በዕድሜው አላየም። ለአማች ካልሆነ ለማን እንዲህ ይደረጋል? ከፈለ።

"ዛሬ ሰው ሆንክ" አሉት። "ግባ፣ እርጎ ቅመስ።"

እርጎውን ያመጣችው ፌናን ናት። ሰንጢውን በእጁ አይታ ፈገግ አለች።

"ጥሩ ዓይን አለህ" አለችው።

ሰናይ እርጎውን የጠጣው በአፉ ይሁን በአፍንጫው አላወቀም። ሲወጣ በቀጥታ ደሪቱ ጋ።

"እትዬ ደሪቱ፣ ሽማግሌ ልልክ ነው።"

ደሪቱ የቲማቲሟን መደብ አስተካከለች። ቃሪያውንም ደረደረች።

"ሽማግሌዎቹ ዋጋ ያውቃሉ?" አለች በመጨረሻ።

"እኔ አስተምራቸዋለሁ።"

"እንግዲያ ጥሩ።"

እሑድ የትምህርት ቤቱ ገንዘብ ያዥ አቶ አያሌው ሁለት ባልደረቦቻቸውን አስከትለው፣ ጋቢያቸውን ደርበው መጡ። በሩ ላይ ሦስቱም ሰንጢ ተቀብለው ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ሞላውን አዳመጡ። ሦስቱም እንደተማሩት አንድ ሺህ ሁለት መቶ አሉ። ሦስቱም ገዙ።

"ዘንድሮ ጎሮ ዕቃ የሚያውቅ ሰው ገባበት" ብለው ኦቦ ቶሌሳ ደስ አላቸው፤ እየመሩም አስገቧቸው።

እርጎ ቀረበ። አቶ አያሌው ጉሮሯቸውን ጠርገው ተነሡ።

"የመጣንበት ጉዳይ" አሉ፣ "ልጅዎን ፌናንን ለልጃችን ለሰናይ እንዲሰጡልን ነው።"

ኦቦ ቶሌሳን እርጎው ትን አላቸው።

አቶ አያሌው ሰንጢውን ስለወደዱት ለወንድማቸው ሌላ ገዙ። ሌንጮ የመሞረጃ ማሽን አስገባ። ሰናይ ቤት ለቆ ሲኤምሲ ተከራየ፤ ብርቱካን የሚልጠው በዚያው ሰንጢ ነው፣ ሲጠይቁትም ዋጋው ልክ ነበር ይላል።

ያ አያት ጋ የተተወውም ለምዶታል፤ ጠዋት አባቱ ሌንጮ ብረቱን ሲቀጠቅጥ፣ እናቱ ፌናን ታክሲ ስትሳፈር፣ ከአያቱ ከደሪቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ቻው ይላታል።