ምድር ቤትና ፎቅ

አናጢው ምስጥ ነው ይላል። አባቷ ንብ ነው ይላሉ። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ግድግዳ ነው፤ አባቷ ከአልጋቸው ሳይነሡ፣ አናጢው የመርዙን ጀሪካን እግሩ ሥር አስቀምጦ።

“አባባ፣ ሠላሳ ዓመት ከእንጨት ጋር ኖሬ ምስጥ ይጠፋኛል?”

“እኔም ከዚህ ግድግዳ ጋር አርባ ኖሬያለሁ። አንተ በመዶሻህ ታውቀዋለህ፣ እኔ በጀርባዬ።”

ልጃቸው መሃል ቤት ቆማለች። ምስጥ ከሆነ ግድግዳው መፍረሱ፣ አባቷም ክፍሉን መልቀቃቸው ነው። እናቷ ካረፉ ወዲህ ደግሞ ሌላ ቦታ አድረው አያውቁም። ባለፈው ወር ወደ እሷ ክፍል እንዲዛወሩ ስትለምናቸው “ከዚህ የሚያወጣኝ ቃሬዛ ነው” ብለዋታል። የንቡን ወሬ ሰበብ ነው ብላ የያዘችው ለዚህ ነው።

አናጢው የቋሚውን ግርጌ መታ መታ ያደርጋል። ተንበርክካ ጆሮዋን ትለጥፋለች። ውስጡ ባዶ ነው፤ ደረቅ ቅጠል የሚታኘክ የሚመስል ድምፅ ይሰማታል። ከወለሉ የተነሣ ቀጭን የጭቃ መስመር በእንጨቱ ላይ ሽቅብ ይወጣል።

“መንገዱ ነው፣ እህቴ። ብርሃን ስለማይወድ ተከናንቦ ነው የሚሄደው። እርጥብ አፈር ካጣ አይኖርም።”

“እዚያ ታች ምን ያስጎነብስሻል?” ይላሉ አባቷ። “እጅሽን ወዲህ አምጪ።”

መዳፏን ይዘው ከራስጌያቸው በላይ ያሳርፉታል። ግድግዳው እንደ ሰው ግንባር ይሞቃል። ከውስጡ ለስለስ ያለ፣ የማያቋርጥ እምምታ ይሰማል።

በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ ሽቅብ ታያለች። ከጣሪያው ሥር፣ ፀሐይ በሚመታው ስንጥቅ፣ ንቦች እግራቸው ላይ ቢጫ ብናኝ አዝለው ይገባሉ።

አናጢውም አይቶ ይመለሳል፤ ጆሮውን ያካል። “ምድር ቤቱን አፍራሽ፣ ፎቁን ማር ሠሪ ተከራይቶታል።”

“መርዙስ?” ትላለች።

“መርዝ ጎረቤት አይለይም፤ ላይኞቹንም ይጨርሳል። ንብ አርቢ መጥቶ መጀመሪያ ወደ ቀፎ ያውጣቸው። ግን ግድግዳው ሲከፈት መቆጣታቸው አይቀርም፤ ያኔ እዚህ ሰው መተኛት አይችልም።”

አባቷ ክረምቱን ሙሉ ጀርባቸውን ያሞቀውን ቦታ በመዳፋቸው ይዳስሳሉ። ከዚያ ብርድ ልብሱን ገለጥ ያደርጉና እግራቸውን ወደ ወለሉ ያወርዳሉ።

“ንብ አርቢውን ጥሪው” ይላሉ፣ በእግራቸው ጫማቸውን እየፈለጉ። “እኔ አንቺ ክፍል አድራለሁ።”