የተናኜ አውራ ጣት

ተናኜ ሆሳዕና በሚገኘው ዱቄት ፋብሪካ ማሽን ይዟት ከሞተች ሳምንት ሆኗታል። ሥራ አስኪያጁ እንድርያስ ለፖሊስ "ያን ቀን ሥራ አልገባችም" ብሎ ቃሉን ሰጥቷል። ያን ቀን መግባቷን የሚያሳየውን የጣት አሻራዋንም ከመግቢያ መቆጣጠሪያው ሲስተም አጥፍቶታል። የቀረው ጃጁራ ቅርንጫፍ ያለው ቅጂ ብቻ ነው።

"ሪሀና፣ ሲስተሙን እንዳለ በኔትወርክ ወደ ጃጁራ ገልብጪው። እዚያ ያለው የድሮ ቅጂ ይጥፋ" አላት የፋብሪካውን የኮምፒውተር ባለሙያ።

"ጋሼ፣ ልጆቿ ካሳ የሚያገኙት በእሱ እኮ ነው።"

"አንቺን ማን ዳኛ አደረገሽ? ባክአፕሽን ሥሪ!"

ሪሀና ገለበጠች። ሲያልቅ ሁለቱን ቅጂዎች አመሳከረች፤ ተናኜ በአንዳቸውም ውስጥ የለችም።

እንድርያስ ደስ ብሎት ወደ ምሳ ሊወጣ በሩ ላይ ያለውን የአሻራ ማሽን በአውራ ጣቱ ነካ። "ተናኜ፦ ገብታለች" የሚል ጽሑፍ ወጣ።

ጣቱን በሸሚዙ ጠርጎ ደገመው። ያው ነው።

"አላጠፋሽውም እንዴ?"

"ጠፍቷል፣ ጋሼ። እስቲ ጣትዎን ያሳዩኝ።"

ዘረጋላት። በአውራ ጣቱ ላይ ጠዋት ያልነበረ፣ ግማሽ ክብ የሆነ የቆየ ጠባሳ አለ።

አምና የወፍጮው ማሽን የተናኜን አውራ ጣት ግማሽ ክብ አድርጎ ሲሰነጥቀው ያን ቁስል ያሰረችላት ሪሀና ነበረች።