የበሩ ቁልፍ

«እንኳን ለአባትሽ ልደት አደረሰሽ» አለ ማሪኑስ፣ የኔልትዬን እጅ የጉድጓድ ውኃ እንደሚቀዳ ሰው ከፍ ዝቅ እያደረገ።

«እርስዎንም እንኳን ለጎረቤትዎ ልደት አደረሰዎት፣ ጋሼ ማሪኑስ» አለችና ወደሚቀጥለው ወንበር አለፈች።

በዚህ ደሴት ልደት ሲከበር ወንበሮቹ ክብ ሠርተው ይደረደራሉ። የመጣ ሰው ክቡን ዞሮ ባለልደቱን ብቻ ሳይሆን የሁሉንም እጅ እየጨበጠ እንኳን አደረሳችሁ ይላል፤ ሲወጣም እንደዚያው። የተጣላም ቢሆን ይጨብጣል። አንድ ጊዜ ሳይጨብጥ የወጣ ሰው ነበር፤ ከሞተ ቆይቷል፣ ስሙ ግን እስካሁን ይነሣል።

ኔልትዬ ተቀመጠች። እናቷ ኮባ አንድ ስኒ ቡናና አንድ ቁራሽ ኬክ ሰጠቻት። ኪሷ ውስጥ ያለው ቁልፍ ጭኗን ወጋት።

ዛሬ ጠዋት እንደ ወትሮ ሥራዋ በወንዙ አፍ የውኃውን ጨው ለክታለች። ዝናብ ከጠፋ ወዲህ ወንዙ አቅም አጥቷል፤ ባሕሩ በሞላ ቁጥር እየገፋው ሽቅብ ይወጣል። ዛሬ ጨዉ ከገደቡ አለፈ። ስለዚህ ከወንዙ ወደ እርሻው ቦይ ውኃ የሚያስገባውን በር ዘጋች፣ ጓጉንቸሩን ቆለፈች፣ ከዚያ ወደ አባቷ ልደት መጣች። ለማንም አልተናገረችም። እዚህ ክብ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ሽንኩርቱን የሚያጠጣው ከዚያ ቦይ ነው። የአባቷ የክራይን ሞተር አሁንም ከጓሮ ዱዱዱ እያለ ከቦዩ ውኃ እየሳበ ነው።

«አንቺ ባሕር ቀማሿ» አለ ማሪኑስ፣ «ዛሬስ ውኃው ምን አለሽ?»

«ጨው ነኝ አለኝ።»

ክቡ ሳቀ። «ባሕር ጨው መሆኑን ሄዳ ለማየት ደመወዝ ይከፈላታል!» አለ ማሪኑስ።

«ኬኩ ግን ስኳር አንሶታል» አለች አክስቷ ሚና፣ ጆሮዋ የፈለገውን ብቻ ስለሚሰማ።

ክራይን ስኒውን አስቀመጠ። «አንድ ሳምንት ብቻ ነው የምንለምንሽ። ሽንኩርቱ አንድ ሳምንት ውኃ ካገኘ ይደርሳል። ከዚያ በሩን ከፈለግሽ በሲሚንቶ ድፈኚው።»

«ዘግቼዋለሁ፣ አባዬ።»

ሞተሩ ብቻ ዱዱዱ አለ።

«መቼ?» አለ አባቷ።

«ጠዋት። ቦዩ ውስጥ የቀረውም ቢሆን ጨዉ እየከረረ ነው፤ ለሽንኩርት አይሆንም።»

«ዘግታብን ነው ቁጭ ብላ ኬክ የምትበላው!» አለ ማሪኑስ።

«ጥሩ ኬክ ነው።»

ማሪኑስ ብድግ አለ። «ስሚ፣ ሽንኩርት የሚገድለው ጥም ነው። ትንሽ ጨው ማንንም ገድሎ አያውቅም!»

«ዘንድሮ አይገድልም። አፈሩ ውስጥ ተቀምጦ ለከርሞ ይገድላል።»

«የከርሞውን ለከርሞ! ጓጉንቸር እንደሆነ በመዶሻ ይከፈታል። እስኪመሽ ነው፣ ሰባሪ አይጠፋም።»

ኔልትዬ እጇን ኪሷ ከተተች። ቁልፉን አውጥታ መሐል ጠረጴዛው ላይ ካለው የኬክ ሳህን ውስጥ አስቀመጠችው።

«ምን መዶሻ ያስፈልጋል? ይኸው። የሚከፍት ሰው አሁኑኑ ያንሣው፣ ሁላችንም እያየነው። መሬቱ ሲነጣ የማንን በር እንደምናንኳኳ እንወቅ።»

መሬቱ ሲነጣ ስትል ክራይን ቀና አለ። በልጅነቱ ባሕሩ የደሴቱን ግድብ ጥሶ ከገባ በኋላ አባቱ በጨው የነጣ መሬት ሲያርስ እያየ ነው ያደገው።

አፍ ዳገት አይፈራም ይባላል። በደሴቱ ላይ ዳገት የሚባል ነገር ስለሌለ የማሪኑስ አፍ ዕድሜውን ሙሉ እንደ ልቡ ሲሮጥ ኖሯል። አሁን ግን ቁልፉን አየ፣ ክቡን አየ፣ እጁን ወደ ኮፍያው ሰደደ። «እኔ ልሂድ» አለ።

መጨበጥ ጀመረ። ኮባን ጨበጠ፣ ሚናን ጨበጠ፣ ክራይንን ጨበጠ። ኔልትዬ ጋ ሲደርስ ቆመ። ፊቱ እንደ ቀይ ሥር ቀልቷል፤ እጁ ግን ባለቤቱን ሳይጠይቅ ተዘረጋ።

«እንኳን ለአባትሽ ልደት አደረሰሽ፣ አንቺ ግትር!»

«እርስዎንም፣ ጋሼ ማሪኑስ።»

በሩ ከኋላው ሲዘጋ ኮባ ወደ ልጇ ጎንበስ አለች። «አንቺም ብትሄጂ ይሻላል፣ ልጄ። አባትሽ እስኪበርድለት።»

«ቡናዬን አልጨረስኩም» አለች ኔልትዬ። ስኒው ባዶ ነበር።

ክራይን ተነሣ። ልጁን አላያትም። በጠረጴዛው በኩል ሲያልፍ ሁሉም በዓይኑ ተከተለው። በጓሮ በር የእንጨት ጫማውን አጠለቀና ወጣ። ቋ፣ ቋ የሚለው ኮቴው እየራቀ ሄደ። የተቀመጡት ሳህኑን አዩ፤ ቁልፉ ካለበት አልተነቃነቀም።

ከዚያ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ጸጥ አለ።

«ጆሮዬ ነው?» አለች ሚና።

«አይደለም፣ አክስቴ።»

ክራይን ተመልሶ ቦታው ላይ ተቀመጠ። በመስኮቱ በኩል ሽንኩርቱ ይታያል፤ እሱ ግን ጀርባውን ሰጥቶታል። ኔልትዬ ባዶ ሳህኗን በሙሉ ክንዷ ወደ እሱ ዘረጋች። በደሴቱ ሁለተኛ ቁራሽ ሲሰጥ ይቀበሉታል እንጂ አይጠይቁትም። እሷ እንደዘረጋች ቆየች።

ክራይን ቢላዋውን አነሣ። አንድ ቁራሽ ቆርጦ ሳህኗ ላይ ጣለላት።

«ቁልፍሽን አንሺ» አለ። «ክሬም ነክቶታል።»

ኔልትዬ ቁልፉን አነሣችና ላሰችው። ጣፋጭ ነበር፤ የቁልፉ ጥርስ ላይ ብቻ ትንሽ ጨው ጨው ይላል።