ሁለት ደቂቃ ያለ ፈገግታ

የሕፃናት ጠባይ አጥኚዋ ኮሪን፣ ከወዲያ በኩል ብቻ ከሚያሳየው የክፍሉ መስታወት ጀርባ ሆና ልትመለከት ከመሄዷ በፊት ለማርሊስ ደግማ አስረዳቻት። «መጀመሪያ ልጅሽን አጫውቻት። ደወሉ ሲጮኽ ግን ፊትሽን ግድግዳ አስመስይው፤ አትሳቂ፣ አታናግሪያት። ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። ልጆች ሁሉ ያለቅሳሉ፣ ያጠፋሽ እንዳይመስልሽ።»

ማርሊስ የሰባት ወር ልጇን ኤልሲን እንደ ምንም አጫወተቻት። ደወሉ ሲጮኽ ፊቷን ግድግዳ አስመሰለችና ለቅሶውን ለመቻል ጥርሷን ነከሰች። ኤልሲ አንዴ ቀና ብላ አየቻት። አላለቀሰችም፤ እጇንም አልዘረጋችም። ዓይኗን ወደ ወንበሯ ቀበቶ መለሰችና ክፍሉ ውስጥ ማንም የሌለ ይመስል የብረቱን ጫፍ ብቻዋን ትነካካ ጀመር።

«አየሽልኝ ጨዋነቷን?» አለች ማርሊስ፣ ኮሪን ተመልሳ ስትገባ።

ኮሪን አልሳቀችም። አጠገቧ ቁጢጥ ብላ፣ «እቤት ታጫውቻታለሽ?» ስትል ጠየቀቻት።

«በሰዓቷ ትበላለች፤ ገላዋንም በየቀኑ አጥባታለሁ!»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ፣ የኔ እናት።»

ማርሊስ ወደ ልጇ ዞረች። ያን የግድግዳ ፊት ለማበጀት ምንም እንዳልቸገራት ያኔ ገባት፤ የቸገራት ከደወሉ በፊት የነበረው ጨዋታ ነው።

«ከወለድኳት ጀምሮ ሳቅ የሚባል ነገር አይመጣልኝም» አለች፣ ለባሏ እንኳ ነግራው የማታውቀውን። ማልቀስም ጀመረች። ኮሪን ትከሻዋን ያዘቻት።

ኤልሲ እናቷ ስታለቅስ እየሰማች ከቀበቶው ላይ ዓይኗን አላነሳችም።