ከእናት አንድ፣ ከአባት አንድ

ሣህሉ ልጁ ማኅሌት ከእሱ እንዳልተወለደች ሲጠረጥር ኖሯል። አፍ አውጥቶ የተናገረው ግን ልጅቱ ከታመመች በኋላ ነው።

መጀመሪያ አንገቷ ላይ ትንሽ እብጠት ወጣ። ቤተሰቡ በቆጋ መስኖ ድንችና ሽንኩርት የሚያለማ ነውና ማኅሌት ነገሩን በቀልድ አለፈችው።

«አባዬ፣ ድንችህ መሬት ጠበበው መሰለኝ፤ አንገቴ ላይ በቀለ።»

«ቆይ፣ እኮተኩትልሻለሁ» አላት ሣህሉ። ሁለቱም ሳቁ።

እናቷ የሻሽወርቅ አልሳቀችም። እብጠቱን በጣቷ ዳሰስ አድርጋ አማተበች። በማግስቱ ከመራዊ ተሳፍረው ባሕር ዳር ገቡ።

ከእብጠቱ ተወስዶ የተመረመረው ናሙና ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ሐኪሟ ዶክተር ርሆቦት ወላጆቹን አስቀምጣ ታነጋግራቸው ጀመር።

«በጊዜ መጥታችኋል፤ በቀዶ ሕክምና እናወጣዋለን። ከዘመድ እንዲህ ያለ የአንገት ሕመም የነበረበት ሰው አለ?»

«በእኔ ወገን የለም» አለ ሣህሉ።

የሻሽወርቅ ነጠላዋን አስተካከለች። «በእኔም ወገን የለም።»

ዶክተሯ ስለ ፀረ ተባይ ኬሚካል ጠየቀች። ሣህሉ መርጫውን አዝሎ ሲረጭ ማኅሌት ውኃ እያቀበለች ነው ያደገች።

«ታዲያ እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኋት?»

«እንዲያ ብሎ መፍረድ አይቻልም፣ አባቴ። ሰውነታችን የገባበትን መርዝ የሚያከሽፉ ኢንዛይሞች አሉት። አንዳንድ ሰው ግን ኢንዛይሙን የሚያስገኘው ዘረ መል ይጎድለዋል። ጉድለቱ ለዚህ ካንሰር ምን ያህል እንደሚያጋልጥ ገና እያጠናን ነው። ማኅሌት ይህ ዘረ መል ጭራሽ የላትም።»

«ጉድለቱን ከየት አመጣችው?» አለች የሻሽወርቅ።

«ሰው አንዱን ከእናቱ፣ አንዱን ከአባቱ ይወርሳል። እሷ ሁለቱም ስለሌሏት ጉድለቱ ከሁለታችሁም መጥቷል ማለት ነው። ሁለቱም ሙሉ የሆኑለት ሰው አንዱም የሌለው ልጅ አይወልድም። ፈቃዳችሁ ከሆነ ለጥናቱ የእናንተንም ደም እናያለን።»

ከዚህ ሁሉ ንግግር የሣህሉ ልብ ውስጥ የቀረው ስለ መውለድ የተባለው ብቻ ነበር።

ሣህሉ ካገባት ጀምሮ የሻሽወርቅ ለዓመታት ልጅ አልነበራትም። ታዲያ አንድ ዓመት እሱ ለሰሊጥ ሥራ መተማ ወርዶ ከረመ። በዚያው ሰሞን ቤት ታግዛቸው የነበረችው አስካለ፣ አንገቷን ሁልጊዜ በሻሽ የምትሸፍን ዝምተኛ ልጅ፣ አገሯ ቆላ ድባ ገባች ተባለ። የሻሽወርቅም ስለት አለብኝ ብላ ቤቷን ዘግታ ዘጌ ተሻገረች። ሣህሉ ሲመለስ ሚስቱ ሕፃን ታቅፋ ጠበቀችው። ጡቴ ደረቀ ብላ የላም ወተት ታጠጣት ነበር። ጎረቤቱ እልል አለ፤ እሱም ተደሰተ። ብቻውን ሲሆን ግን ወራቱን እያሰላ ይብከነከናል።

ከሆስፒታሉ ወጥተው በሐይቁ ዳር ሲሄዱ ሣህሉ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አቆማት።

«እጅሽን እዚህ በር ላይ አድርጊና ማይልኝ። ከአንተ ወለድኋት በይ።»

የሻሽወርቅ ደጁን ተሳለመች። እጇን ግን አልዘረጋችም።

«ልጅህ ናት፣ ሣህሉ።»

«ማይ አልሁሽ እንጂ ንገሪኝ አልሁሽ?»

«አልምልም።»

«አየሽ! እንግዲያው ደሙ ይናገር። የሌላ ሰው ልጅ ከሆነች ከሆስፒታል ስትወጣ የኔን ደጅ አትረግጥም። አንቺም አብረሻት ሂጂ።»

«እሷ ምን አጠፋች?»

«እኔስ ምን አጠፋሁ?»

የሻሽወርቅ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ዓይኗን ወደ ውኃው መለሰች።

ደም የሚሰጡ ዕለት ዶክተሯን ቀስ ብላ ጠየቀቻት። «እኔ ባልሰጥስ?»

«መብትዎ ነው፣ እናቴ። ማንም አያስገድድዎትም።»

«ሰማህልኝ፣ ጌታዬ!» አለ ሣህሉ ወደ ጣሪያው እያየ።

በበሩ መስታወት በኩል ማኅሌት አልጋዋ ላይ ሆና ከአጠገቧ ካለች በሽተኛ ጋር ስትሳሳቅ ይታያል። የሻሽወርቅ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ዘረጋች።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። ማኅሌት ስትነቃ ድምፅዋ ጎርንኖ ነበር።

«አባዬ፣ እንደ መሪጌታ ሆንሁ አይደል? ቅኔ ልዝረፍልህ?»

ሣህሉ ሊስቅ ብሎ ፊቱን አዞረ። ከዚያ ወዲህ ልጅቱ አባዬ ባለች ቁጥር ሰበብ ፈልጎ ይወጣ ጀመር። «አባዬን ምን አደረግሁት?» አለቻት እናቷን። የሻሽወርቅ ግንባሯን ስማ፣ «ምንም አላደረግሽውም» አለቻት። ከአልጋው ሥር ተቀምጣ ውዳሴ ማርያሟን ቀጠለች።

የደሙ ውጤት ሲደርስ ዶክተር ርሆቦት ባልና ሚስቱን አስጠራች። ፊቷ ልክ አልነበረም።

«ለየብቻ ብነግራችሁ ይሻላል።»

«የለም! አብረን ነው የምንሰማ» አለ ሣህሉ።

ዶክተሯ የሻሽወርቅን አየቻት። እሷም ራሷን በመነቅነቅ እሺታዋን ገለጠች።

«አባቴ፣ እርስዎ ዘረ መሉ በሁለቱም ወገን የለዎትም። ልክ እንደ ማኅሌት።»

ሣህሉ ወደ ዶክተሯ ተጠጋ። «የእኔ ናት ማለት ነው?»

«ይህ ምርመራ ብቻውን አባትነትን አያረጋግጥም። ልጅዎ አይደለችም የሚያሰኝ ግን ምንም የለውም።»

ለእሱ ይህ በቃው። ከወንበሩ ወርዶ ሚስቱ እግር ሥር ተደፋ።

«የሻሽ፣ በድዬሻለሁ! ይህን ሁሉ ዓመት በሐሰት አምቼሻለሁ፤ ስለ ማርያም ብለሽ ይቅር በይኝ!»

ዶክተር ርሆቦት ግን አልጨረሰችም።

«የእናቴ ውጤት... የእርስዎ ሁለቱም ሙሉ ናቸው። እንዲህ ሊሆን አይችልም። ናሙናው ከሌላ ሰው ጋር ተምታቶ ይሆናል፤ ደም እንደገና እንውሰድ።»

«አልተምታታም፣ ልጄ» አለች የሻሽወርቅ፣ ባሏን በክንዱ ይዛ ከወደቀበት እያነሣች። «ሣህሉ፣ አንተስ ከአስካለ ወልደሃታል፤ ያልወለድኋት እኔ ነኝ።»