የቅዳሜ ጥፍር

ደብሪቱ ቅዳሜ ቅዳሜ የመንትያ ልጆቿን ጥፍር ትቆርጣለች። ከወረርሽኙ ወዲህ፣ ዲኤንኤ የሚጠቀለልበት ሂስቶን የሚባለው ፕሮቲን የመድኃኒት ጠብታ ምልክት ካላደረገበት ወደ ህዋሱ አስኳል አይገባም፤ ጠብታ ያልደረሰው ልጅም አዲስ ህዋስ ስለማያበጅ አካሉም ጥፍሩም አያድግም። ጤና ጣቢያው ለአንድ ቤት የሚሰጠው የአንድ ልጅ ብቻ ነው። ደብሪቱ ለወንዱ ሰጠች።

የአምሃን ጥፍር ቆርጣ ስትጨርስ፣ እሱን የጠበበውን ሸሚዝ የለበሰችው እህቱ ትርሲት ትንሽ እጇን ዘረጋች።

"ለእኔም፣ እማዬ።"

"ያንቺማ ከእሱም ብሶ አድጓል" አለች ደብሪቱ፤ መቁረጫውንም በልጅቷ ጣቶች ጫፍ ላይ ባዶውን ቀጭ ቀጭ ታደርገው ጀመር።

ትርሲት አውራ ጣቷን አጠፈች።

"ይቺን ተያት። አምና ስታስመስዪ ሥጋዬን የቆረጥሽው ገና አልዳነም።"